«ቅርጽ ተግባርን ይከተላል» ያለው ሰው ጋራንቲ ሕንፃን ለምን በጌጥ ሸፈነው?

ጥያቄው የደረሰኝ ከአንዲት የሦስተኛ ዓመት የአርክቴክቸር ተማሪ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «‹ቅርጽ ተግባርን ይከተላል› የሚለው አባባል የአሜሪካዊው አርክቴክት የሉዊስ ሱሊቫን ነው ተብለን ተማርን። ቤት ገብቼ ቡፋሎ ከተማ ያለውን ጋራንቲ ሕንፃ በፎቶ ሳየው ግን ከእግሩ እስከ ራሱ ጌጥ ነው፤ አንድ ስንዝር ባዶ ቦታ የለውም። ሰውየው የተናገረውን በገዛ እጁ አፍርሶታል ማለት ነው? ያ ሁሉ ጌጥስ ሸክም ይሸከማል ወይስ ዝም ብሎ የተለጠፈ ነው? ከመቶ ዓመት በላይ ሳይረግፍ የቆየውስ እንዴት ነው?»

እህቴ፣ ይህ ነገር በአንቺ ዕድሜ እኔንም ሲከነክነኝ ነበር። አሁን ሥራዬ የቆዩ ሕንፃዎችን የውጭ ግድግዳ መመርመርና ማስጠገን ነው፤ መልሱንም ያገኘሁት ከመጽሐፍ ይልቅ መረማመጃ ላይ ቆሜ፣ ግድግዳውን በእጄ እየዳሰስኩ ነው። በአጭሩ ልንገርሽ፦ ሱሊቫን ቃሉን አላፈረሰም። ጌጡ ሕንፃውን አይሸከምም። ያን ሁሉ ጌጥ ያስፈለገውም ግድግዳው ስለማይሸከም ነው። ይህ እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ቦታ ያስፈልገኛል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ሕንፃውን ጠጋ ብለን እንየው። ጋራንቲ የሚገኘው በኒውዮርክ ግዛት ቡፋሎ ከተማ፣ የቸርችና የፐርል መንገዶች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ነው። 13 ፎቅ አለው፤ ተሠርቶ ያለቀው በ1896 ነው። ከሩቅ ስታዪው አንድ ወጥ የሆነ ቀይ ቡናማ ነገር ነው፤ ቀጫጭን ምሰሶዎች ከታች ተነስተው ሳይቋረጡ ወደ ላይ ይሄዳሉ። ጌጡ ከዚያ ርቀት አይታይሽም። መንገዱን ተሻግረሽ ስትቀርቢ ግድግዳው መልኩን ይቀይራል፤ ለስላሳ የመሰለሽ ሁሉ ሻካራ ሆኖ ይወጣል። በምሰሶዎቹ ላይ እርስ በርስ የተቆላለፉ የጂኦሜትሪ ቅርጾች፣ ከየመስኮቱ በታች ባለው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ደግሞ ሊፈነዳ የደረሰ የዘር ፍሬ የሚመስል ነገር ከቅጠል ጋር ተጠላልፎ፣ ፎቅ በፎቅ እየተደጋገመ ይወጣል። ቅርጹ ከግድግዳው ብዙም ብድግ አይልም። ፀሐይ ከጎን ስታርፍበት እያንዳንዷ ቅጠል ጥላ ይኖራታል፤ ሲደምን ደግሞ ሁሉም ነገር ወደ ግድግዳው ተመልሶ ይገባል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ደመና ነበርና «ይኸው ነው እንዴ?» ብዬ ነበር። በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ተመልሼ ሄድኩ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከዚያ ማዕዘን አልተነቃነቅኩም።

እዚህ ላይ ጥያቄሽ ውስጥ ያለ አንድ ነገር ላርም። «ከእግሩ እስከ ራሱ» ማለትሽ ልክ ነው፤ ዙሪያውን ግን አይደለም። ጌጠኛው ሸክላ ያለው ወደ መንገድ በሚያዩት ሁለት ፊቶች ላይ ብቻ ነው። የጀርባዎቹ ግድግዳዎች ተራ ጡብ ናቸው። ፎቶ አንሺ ሁሉ ማዕዘኑ ላይ ቆሞ ስለሚያነሳው ይህ አይታወቅም። ገንዘቡ የሚታይበት ቦታ ላይ ነው የዋለው፤ የቢሮ ሕንፃ ለኪራይ የሚሠራ ነገር መሆኑን ደግሞ ሱሊቫን ረስቶት አያውቅም።

አሁን ወደ አባባሉ እንምጣ። ሱሊቫን ያን ዓረፍተ ነገር ያሳተመው በዚያው በ1896፣ ስለ ረጅም የቢሮ ሕንፃ በጻፈው አንድ የመጽሔት ጽሑፍ ውስጥ ነው። ቅርጽ ሁልጊዜ ተግባርን ይከተላል፣ ሕጉም ይኸው ነው ይላል። ቃሉን ያወጣው ግን ስለ ጌጥ ሲከራከር አይደለም። የያዘው ጥያቄ ሌላ ነበር፦ ከዚያ በፊት በዓለም ያልነበረ የሕንፃ ዓይነት መጥቷል፤ ምን መምሰል አለበት? በዘመኑ የነበሩ ብዙ አርክቴክቶች መልሳቸው አንዱን የጥንት ሕንፃ በሌላው ላይ መደራረብ ነበር፤ ታች የሮም ቅስት፣ ከዚያ በላይ የግሪክ ዓምድ፣ ጫፉ ላይ የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ጣሪያ። እሱ ደግሞ ውስጡን ተመልከቱ አለ። ምድር ቤት ማሞቂያውና ማሽኖቹ አሉ። መሬት ላይ ያለው ፎቅ ሱቅና ባንክ ነው፤ ሰፊ መስታወትና ሰፊ በር ይፈልጋል። ሁለተኛው ፎቅ በደረጃ የሚደረስበት ስለሆነ የመጀመሪያው ተከታይ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ፎቆች ሁሉ አንድ ናቸው፤ ቢሮ በቢሮ ላይ። ቃሉ የማር እንጀራ ነው፤ እያንዳንዱ ቢሮ እንደ ማር እንጀራ ጉድጓድ ከጎረቤቱ ጋር እኩል ነው ይላል። ሁሉም አንድ ከሆኑ ከውጭም አንድ ይምሰሉ። መጨረሻው ፎቅ ላይ ቧንቧውም ማሞቂያውም ወጥቶ ይዞርና ተመልሶ ይወርዳል፤ ሥራው ሌላ ስለሆነ መልኩም ሌላ ይሁን። የአባባሉ ትርጉም ይኸው ነው። «ጌጥ ይቅር» የሚል ነገር አንድም ቦታ የለበትም። ያንን ትርጉም የሰጡት ከእሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ቪየና ላይ ጌጥን ከወንጀል ጋር ያዛመደውን አዶልፍ ሎስን ታውቂው ይሆናል።

ሱሊቫን ስለ ጌጥ በተለይ የጻፈው ከዚያ ቀደም ብሎ በ1892 ነው፤ እሱን ሳነብ ለረጅም ጊዜ ግራ ገብቶኝ ነበር። በአንድ በኩል ለተወሰኑ ዓመታት ጌጥን ጨርሰን ብንተወው ይጠቅመናል፣ ራቁቱን የሚያምር ሕንፃ መሥራት እንማር ይላል። በሌላ በኩል ደግሞ በትክክል የታሰበ ጌጠኛ ሕንፃ ጌጡን ከገፈፍሽው ማንነቱን ያጣል ይላል። ጌጡ ከዕቃው ከራሱ የወጣ መምሰል አለበት፤ አበባ በቅጠሎቹ መሃል የሚወጣበት መብት ነው ያለው ይላል። ሁለቱን ያስታረቀልኝ የሀገራችን ሸማኔ ነው። የቀሚሱ ጥለት ጨርቁ ካለቀ በኋላ በመርፌ የተጠለፈ አይደለም፤ ሸማኔው እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ከድርና ማጉ ጋር አብሮ ነው የሚሸምነው። ልተርትረው ብትዪ ጨርቁም አብሮ ይተረተራል። ሱሊቫን የሚፈልገው ጌጥ ይህ ነው። ያንን ያገኘው ደግሞ በሸክላ ላይ ነው።

ለምን ሸክላ? መልሱ ያለው ብረቱ ውስጥ ነው። ከብረት አጽም በፊት ረጅም ሕንፃን የሚያቆመው ግድግዳው ነበር። ፎቅ በጨመርሽ ቁጥር የታችኛው ግድግዳ መወፈር አለበት። የዚህ አሠራር የመጨረሻው ትልቅ ሰው ቺካጎ ውስጥ ዛሬም ቆሟል፦ ሞናድኖክ ሕንፃ። የሰሜኑ ክፍል በ1891 አለቀ፤ 16 ፎቅ ነው፤ የጡብ ግድግዳው ከታች 1.8 ሜትር ያህል ውፍረት አለው። ሱቅ መሆን የነበረበትን ቦታ ግድግዳ በላው። በዚያው ከተማ ግን ዊልያም ለባሮን ጄኒ በ1885 ባለቀው ሆም ኢንሹራንስ ሕንፃ የብረት አጽምን ጥቅም አሳይቶ ነበር። ኮለኑ (ቋሚው ብረት) እና ቢሙ (አግዳሚው) ሁሉን ይሸከማሉ፤ ግድግዳው ከሥራው ተሰናበተ። ሊፍቱ ቀድሞ መጥቷል፤ ስለዚህ የላይኛው ፎቅም ይከራያል።

ብረት ግን አንድ ክፉ ጠባይ አለው። አይቀጣጠልም፣ ነገር ግን በእሳት ይልፈሰፈሳል። 550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ጉልበቱን ግማሽ ያህል ያጣል። ቺካጎ ይህንን በ1871ዱ ታላቅ ቃጠሎ በዓይኗ አይታለች፤ እሳት አይነካቸውም የተባሉ ባለ ብረት ሕንፃዎች ተጣመው ወደቁ። ከዚያ ወዲህ ብረትን ራቁቱን መተው ቀረ፤ አንድ ነገር መልበስ አለበት። የሚለብሰው ነገር ቀላል መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ክብደቱን ያው ብረቱ ነው የሚሸከመው። እሳትም የማይፈራ መሆን አለበት። ሸክላ ሁለቱንም ያሟላል፤ ከእሳት የወጣ ነገር ስለሆነ እሳትን ያውቀዋል።

እንግዲህ ተግባሩ ይህ ነው፦ ብረቱን ከእሳትና ከዝናብ የሚጠብቅ ቀጭን ልብስ። አሁን ይህ ልብስ ምን ይምሰል? እዚህ ላይ የምትሰሚው ነገር መማሪያ መጻሕፍት እምብዛም የማይጽፉት፣ ፋብሪካው ግን በደንብ የሚያውቀው ነው።

ይህ የሕንፃ ሸክላ፣ ተራኮታ የሚባለው፣ እንዲህ ነው የሚሠራው። ከአርክቴክቱ ሥዕል ላይ የፋብሪካው ነዳፊዎች እያንዳንዱን ቁራጭ ከእውነተኛ መጠኑ አተልቀው ይስሉታል፤ ጭቃው ሲደርቅና ሲተኮስ ከ12 አንድ እጅ ያህል ስለሚኮማተር። ቀራጩ አንድ ናሙና በጭቃ ይቀርጻል። ከናሙናው ላይ የጄሶ ሻጋታ ይወጣል። ከዚያ ሠራተኛው እርጥብ ጭቃ በእጁ ሻጋታው ውስጥ እየጠቀጠቀ ከሦስት እስከ አራት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቆዳ ይሠራል፤ ከኋላው ጭቃ በጭቃ አጋጥሞ ያጠነክረዋል። የሚወጣው ነገር ጀርባው ክፍት የሆነ ሳጥን ነው፤ ድፍን ድንጋይ አይደለም። ይደርቃል፣ ከ1,000 ዲግሪ በላይ በሆነ ምድጃ ለቀናት ይተኮሳል፣ ቁጥር ይጻፍበታል፣ በሣርና በገለባ ተጠቅልሎ በባቡር ይሄዳል። የጋራንቲን ሸክላ የሠራው የቺካጎው ኖርዝዌስተርን ተራኮታ ፋብሪካ ነው።

ልብ በይ፦ ሻጋታው አንዴ ከወጣ ጌጥ ያለበት ቁራጭና ጌጥ የሌለበት ቁራጭ የሚወስዱት ጭቃ፣ ሰዓትና ማገዶ ያው ነው። ማር እንጀራው ደግሞ አንዱን ቁራጭ መቶ ጊዜ ይፈልገዋል። በድንጋይ ቢሆን እያንዳንዱን ቅጠል ጠራቢ ቁጭ ብሎ መጥረብ ነበረበት። ሌላም አለ። ትልቅ ጠፍጣፋ ሸክላ ምድጃ ውስጥ ትንሽ መጣመሙ አይቀርም። ገጹ ልሙጥ ከሆነ እያንዳንዷ ጠማማነት በፀሐይ ትጋለጣለች፤ ግድግዳው ሁሉ የተንጋደደ ይመስላል። ገጹ በጌጥ ከተሞላ ግን ጠማማነቱ ይዋጣል። የሸክላ ሠራተኛ ለዚህ ነው ልሙጥ ገጽ የሚፈራው። ስለዚህ ጌጡ ዕቃው ራሱ የሚፈልገው ነገር ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እኔን የሚያሳምነኝ ሞናድኖክንና ጋራንቲን አጠገብ ለአጠገብ ሳስባቸው ነው። ሞናድኖክ ጌጥ የለውም ማለት ይቻላል፤ ታች ሰፋ ብሎ ወደ ላይ የሚሳሳ ግዙፍ ጡብ ነው። አያስፈልገውም፤ ክብደቱ ራሱ ይናገራል፣ ግድግዳው እውነትም ይሸከማልና። ጋራንቲ ላይ ግን ግድግዳው ቆዳ ነው። ልሙጥና ወፍራም አስመስሎ ቢሠራው ኖሮ የማይሸከም ነገር የሚሸከም መስሎ ይታይ ነበር። ሱሊቫን እንደ ጥለት ጨርቅ አድርጎ ሸመነው። የተሸመነ ጨርቅ ፎቅ ይሸከማል ብሎ የሚያስብ ሰው የለም። ግድግዳው «እኔ አልሸከምም፣ የሚሸከመው ከውስጤ ነው» የሚለው በጌጡ አማካይነት ነው። እኔ እስከማውቀው የብረት አጽም ለመጀመሪያ ጊዜ ልኩን ያገኘ ልብስ የለበሰው እዚህ ነው።

ጫፉን ደግሞ ተመልከቺ። ቀጫጭኖቹ ምሰሶዎች 12ኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ በትናንሽ ቅስቶች ይያያዛሉ። ከዚያ በላይ ያለው ፎቅ መስኮቱ አራት ማዕዘን አይደለም፤ ክብ ነው። በክቦቹ መሃል ከታች የወጡት መስመሮች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተበትነው፣ በየክቡ ዙሪያ ተጠምዝዘው፣ ግድግዳው ራሱ ወደ ውጭ እየታጠፈ ኮርኒስ (ከጣሪያው ጠርዝ ወደ ውጭ የሚወጣ ክፈፍ) ይሆናል። ቅድም ያልኩሽን አስታውሺ፤ የመጨረሻው ፎቅ ቧንቧው ወጥቶ የሚዞርበት ነው። ጌጡም እዚያው ይዞራል። ታች ጥብቅ ጂኦሜትሪ የነበረው እዚህ ወደ ሐረግ ተለውጧል። እውነቱን ለመናገር «ቅርጽ ተግባርን ይከተላል» የሚለውን ለተማሪ ማሳየት ቢኖርብኝ ከዓለም ሕንፃዎች ሁሉ ይህንን አንድ ፎቅ እመርጣለሁ።

ሁሉም ነገር ግን ንጹሕ ነው አልልሽም። የሱሊቫን ትልቁ ጥፋት ጌጡ ላይ አይደለም፤ ምሰሶዎቹ ላይ ነው። ሴንት ሉዊስ ከተማ እሱና ሸሪኩ አድለር በ1891 የሠሩትን ባለ 10 ፎቁን ዌይንራይት ሕንፃ ውሰጂ። ወደ ላይ የሚሄዱት ምሰሶዎች ሁሉም እኩል ስፋት አላቸው፤ ውስጣቸው ብረት ኮለን ያለው ግን አንድ እየዘለለ ነው። የተቀሩት ከመስኮት ክፈፍ የማይበልጥ ሥራ ያላቸው ናቸው። የጋራንቲም ቀጫጭን ምሰሶዎች የዚሁ አስተሳሰብ ልጆች ናቸው። ረጅም ሕንፃ እያንዳንዷ ጋት የምትኮራና ወደ ላይ የምትነሳ መሆን አለባት ብሎ ያምን ስለነበር፣ ለዚያ ስሜት ሲል እውነተኛውን ኮለንና ሐሰተኛውን አንድ ልብስ አለበሳቸው። ተግባር እዚህ ላይ ለስሜት ቦታ ለቋል። መምህርሽ ይህን ቢያነሳ ልክ ነው፤ ለመከላከል አትሞክሪ።

ስለ ሰዎቹም ትንሽ ልበል፤ ታሪኩ ሁልጊዜ በአንድ ሰው ስም ስለሚነገር ያሳዝነኛል። ሕንፃው የአድለርና ሱሊቫን ቢሮ ሥራ ነው። ዳንክማር አድለር ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ ያደገ መሐንዲስ ነው፤ መሠረቱ፣ ብረቱ፣ የድምፅ ሳይንሱ የእሱ ነበር። በ1893 የመጣው የገንዘብ ቀውስ ሥራ ሲያደርቅባቸው ሽርክናቸው በ1895 ፈረሰ፤ ጋራንቲ አብረው የሠሩት የመጨረሻው ትልቅ ሕንፃ ሆነ። ጆርጅ ኤልምስሊ የሚባል ወጣት ነዳፊ በቢሮው ነበር፤ ከሱሊቫን እርሳስ የወጣውን ሐሳብ ወደ ሥራ ሥዕል ይለውጥ ነበር። ሸክላ ፋብሪካው ውስጥ ደግሞ ክርስቲያን ሽናይደር የሚባል ኖርዌይ ተወላጅ ቀራጭ ለብዙ የሱሊቫን ሕንፃዎች ናሙናውን በጭቃ ቀርጿል። በወረቀት ላይ ያለ ሐረግ በጭቃ ሲሆን ሕይወት የሚዘራው ወይም የሚሞተው በዚያ ሰው አውራ ጣት ነው።

ያሠራው ሰው ደግሞ አላየውም። ሃስካል ቴይለር በነዳጅ ዘይት የከበረ ነጋዴ ነበር፤ ለከተማው ምርጥ የሆነውን የቢሮ ሕንፃ ፈልጎ ሱሊቫንንና አድለርን ቀጠረ፤ ሥራው ሳይጀመር በ1894 ሞተ። ሊገነባው የነበረው የቺካጎው ጋራንቲ ኮንስትራክሽን ቦታውን ገዝቶ ሥራውን ቀጠለ፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ብዙም ሳይቆይ ዕዳው ወደ ፕሩደንሻል ኢንሹራንስ ሲዛወር ስሙ ተቀየረ፤ በድሮ መጻሕፍት «ፕሩደንሻል ሕንፃ» ተብሎ ብታገኚው ሌላ እንዳይመስልሽ። ሱሊቫን ራሱ ከአድለር ከተለየ በኋላ ሥራው እየሳሳ ሄደ፤ በ1924 ቺካጎ ውስጥ በአንድ ሆቴል ክፍል፣ በድህነት ሞተ።

ለሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የእነዚህ ሕንፃዎች ጌጥ አሮጌ ልብስ ነበር። ቺካጎ ውስጥ የአድለርና ሱሊቫን የአክሲዮን ገበያ ሕንፃ በ1972 ፈረሰ። ሪቻርድ ኒከል የሚባል ፎቶ አንሺ ዕድሜውን ሙሉ የሱሊቫንን ሕንፃዎች ሲያነሳና ከፍርስራሽ ጌጣቸውን ሲያወጣ የኖረ ሰው ነበር፤ በዚያው ሕንፃ ፍርስራሽ ውስጥ ገብቶ ተንዶበት ሞተ። ያንን ታሪክ ሳስታውስ ዛሬም ጉሮሮዬ ይታነቃል። ጋራንቲም ለጥቂት ነው የተረፈው። በ1974 እሳት ተነሳበት፤ በ1977 ባለቤቶቹ ሊያፈርሱት ተነሱ። የቡፋሎ ሰዎች ተሟገቱለት፤ ሴናተር ዳንኤል ፓትሪክ ሞይኒሃን አገዙ፤ ኋላም የቡፋሎ ቢሮአቸውን እዚያው አደረጉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ታድሶ ተከፈተ። ከ2002 ጀምሮ ባለቤቱ የጠበቆች ድርጅት ነው፤ ውጪውንም ሸክላ እንደገና አስጠግኗል። ዛሬም ቢሮ ነው። ለተሠራለት ሥራ እየዋለ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄሽ፣ «እንዴት ሳይረግፍ ቆየ?» የሚለው፣ የእኔ የዕለት እንጀራ ነው። ሸክላው ራሱ ማለቂያ የለውም ማለት ይቻላል፤ አክሱምና ባቢሎን ሸክላ ነው የምንቆፍረው። የሚሞተው የያዘው ብረት ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ በብረት መንጠቆ ከአጽሙ ጋር ታስሯል፤ ከኋላው በጡብና በቡኬት ተሞልቷል። ቁራጮቹ የሚገናኙበት መስመር ላይ ያለው ቡኬት ሲያረጅ ውኃ ይገባል። ውኃው መንጠቆውን ያገኘዋል። ዝገት ከብረቱ ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ ሸክላውን ከውስጥ ይገፋዋል። እንደ ቡፋሎ ባለ ክረምቱ በሚከብድ ከተማ ደግሞ የገባው ውኃ በረዶ ይሆናል፤ በረዶም ይገፋል። በላዩ ላይ የዘመኑ መሐንዲሶች የማስፋፊያ ክፍተት አይተዉም ነበር፤ ብረቱ በሸክም ሲያጥር፣ ሸክላው በእርጥበት ሲያብጥ ግድግዳው በራሱ ይጨናነቅና በቁመት ይሰነጠቃል።

ይህን የምናውቀው በጆሮ ነው። እናቶቻችን ገበያ ላይ እንስራ ሲገዙ በጣታቸው አንኳኩተው ድምፁን ይሰሙ የለ? እኛም መረማመጃ ላይ ወጥተን በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልን እያንዳንዱን ቁራጭ እንመታለን። ደህናው ይጮኻል። ከጀርባው የተለቀቀው ወይም የተሰነጠቀው ድፍን ድምፅ ያወጣል። አንድ ስሙን የማልጠራው ሕንፃ ላይ ከግማሽ በላይ የሚሆነው አንድ ረድፍ ድፍን ድምፅ ሰጠን፤ ከውጭ ግን አንድም ስንጥቅ አልነበረበትም። ሲከፈት ቀደም ብሎ የጠገነው ሰው መጋጠሚያውን በጠንካራ ሲሚንቶ ሞልቶት፣ ላዩን ደግሞ ውኃ የማያስገባ ቅብ ቀብቶት ነበር። ለመልካም አስቦ ነው። ከላይ የገባው ውኃ ግን መውጫ አጣ፤ መንጠቆዎቹ በእጅ የሚፈረፈሩ ቡናማ ዱቄት ሆነው ነበር። ሸክላ ላይ መጋጠሚያው ሁልጊዜ ከሸክላው የደከመ መሆን አለበት፤ መሰንጠቅ ካለበት ቡኬቱ ይሰንጠቅ፣ ቡኬት ይተካልና።

ጥገናው ካልተያዘ ምን እንደሚደርስ ለማየት ወደ ኒውዮርክ ከተማ ሂጂ። የካስ ጊልበርት ዎልዎርዝ ሕንፃ በ1913 ሲያልቅ በ241 ሜትር የዓለም ረጅሙ ነበር፤ እሱም አብዛኛው ገጹ ተራኮታ ለብሷል፣ ጌጡ ግን ጎቲክ ነው። ከ1977 እስከ 1981 በተደረገው እድሳት ወደ 26 ሺህ የሚጠጉ ቁራጮች ወጥተው በኮንክሪት ተተክተዋል። ከሩቅ ልዩነቱ አይታወቅም። ከቅርብ ግን ኮንክሪቱ ብርሃንን እንደ ሸክላው አይመልሰውም፤ የቅጠሉም ጠርዝ ደንዝዟል። ጋራንቲ ቁመቱ መጠነኛ በመሆኑ፣ በጊዜም ሰው ስለደረሰለት፣ አብዛኛው ገጹ ዛሬም ያው የ1896ቱ ጭቃ ነው።

ለክፍል ሥራሽ አንድ ነገር ልምከርሽ። ሙሉውን ፊት ለመሳል አትሞክሪ፤ ጌጡ ያሰጥምሻል። ከ12ኛው ፎቅ ቅስት እስከ ኮርኒሱ ያለውን አንዱን ክብ መስኮት ብቻ ምረጪና በቁም ቆርጠሽ በአንድ ሃያኛ መጠን ሳዪው። መጀመሪያ ቢሙን አስቀምጪ፣ ቀጥሎ ሸክላው የተቀመጠበትን ባለ ማዕዘን ብረት፣ ከዚያ መንጠቆውን፣ ከዚያ የኋላውን ጡብ፣ በመጨረሻ ያንን የአራት ሴንቲ ሜትር ቆዳ። ቅጠሉን ስትስዪ ከቆዳው ሳትወጪ ሳዪው። ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ መንጠቆው የት ጋ ሊዝግ እንደሚችል በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደርግልሻለሁ።